እንዴት አደራችሁ? የበሽታን ሥርጭት ስለ መለካትና የቤተሰብን እንቅልፍ ስለ መመርመር



በአገራችን ልማድ ሰው ማለዳ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሌሊቱ ነው። «እንዴት አደራችሁ?» እንባባላለን። መልሱም ዘወትር ያው ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ»። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን ያደረውም፣ ሕፃን ታቅፋ ቁጭ ብላ ያነጋችውም ይህንኑ ይመልሳሉ። ምስጋናው መልካም ነው። ነገር ግን ከምስጋናው በኋላ «ለመሆኑ ተኝታችሁ አደራችሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ስለማይኖር የእንቅልፍ ችግር በስደት ኑሮ ውስጥ ከተደበቁት የጤና ችግሮች አንዱ ሆኖ ይኖራል።

በዚህ እትም ሁለት ትምህርቶችን አያይዘን እናቀርባለን። አንደኛው፣ አንድ በሽታ በአንድ ሕዝብ መካከል ምን ያህል እንደተሰራጨ እንዴት እንደሚለካ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን እንቅልፍ እንዴት ሊመረምር እንደሚችል ነው። ሁለቱን እንድናያይዝ ያደረገን በኦቦ ያጋጠመን ነገር ነው።

በኦቦ ያየነው

ኦቦ በኬንያ በማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ ምርጫ ክልል ውስጥ ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ የሆነች አካባቢ ናት። በዚህ አገር ድንበሩ መሬቱን እንጂ ሰዉን አልለየም፤ ቦረናው በወዲያም በወዲህም አለ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች በተገደሉ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች ተሻግረው የተጠጉት በዚሁ ወረዳ በሚገኙ መንደሮች ነበር።

ከጤና ወኪሎቻችን ጋር ቤት ለቤት ስንዞር ጎረቤቶቿ «እንቅልፋሟ» የሚሏት አንዲት እናት አገኘን። ውኃ ወረፋ ላይ ተቀምጣ ስታንቀላፋ ተራዋ ያልፋታል። አንድ ቀን ከእሳት አጠገብ አሸልቧት እጇ ተቃጥሏል። ከኛ አንዱ ጠየቃት።

«እትዬ፣ ሌሊቱ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ትናንት ሌሊት ስንት ጊዜ ከመኝታዎ ተነሡ?»

ዝም አለች። ዞር ብላ እናቷን አየች። አሮጊቷ ጥቂት ቆይተው፣ «ከጠየቃችሁማ ልንገራችሁ፤ ትንሹን ልጅ ሌሊት ሌሊት ይጥለዋል። እሷ እሱን ስትጠብቅ ነው የሚነጋባት» አሉ። ለምን ወደ ክሊኒክ እንዳላመጡት ስንጠይቃቸው፣ «ሰው ከሰማ ልጆቹን ከኛ ልጅ ጋር ማጫወት ይተዋል» ብለው መለሱ።

እኛ በዚያ ወር መዝገባችን ላይ በሚጥል በሽታ ረድፍ «0» ብለን ጽፈን ነበር። ዜሮው በሽታው አለመኖሩን አላሳየም፤ አለመጠየቃችንን ነው ያሳየው። የእናቲቱ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ረድፍ እንኳ አልነበረውም። መድኃኒት የሚታዘዘው በመዝገቡ ቁጥር ልክ ስለሆነ ያልተቆጠረ ሕመምተኛ መድኃኒት አይመጣለትም። ጥፋቱ የኛ ነበርና ትምህርቱን ከዚሁ እንጀምራለን።

1. የበሽታ ሥርጭት እንዴት ይለካል?

የአንድ በሽታ የሥርጭት መጠን የሚባለው በአንድ በተወሰነ ጊዜ በሽታው ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ለተመረመሩት ሰዎች ሁሉ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። በትምህርት ቤት የተማርነውን ክፍልፋይ እናስታውስ፤ ሕመምተኞቹ ላዕል ናቸው፣ የተጠየቁት ሁሉ ታህት ናቸው። ብዙ ጊዜ ሰው ላዕሉን ብቻ ይናገራል። «በዚህ ሰፈር 10 ሰዎች ታመዋል» ቢባል ከ50 ሰው 10 ነው ወይስ ከ5,000 ሰው 10 ነው? ታህቱ ካልታወቀ ነገሩ ከባድ ይሁን ቀላል ማወቅ አይቻልም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በገዛ አገራችን የተሠራ ሥራ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ ገጠር፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጥል በሽታን ቆጠሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። በ60,820 ሰዎች መካከል 316 ሕመምተኞች ተገኙ። 316 ለ60,820 ሲካፈልና በ1,000 ሲባዛ 5.2 ይሆናል። ስለዚህ ከ1,000 ሰው መካከል አምስት ያህሉ በሽታው አለባቸው ማለት ነው። ቤት ለቤት ባይኬድ ኖሮ አብዛኞቹ አይታወቁም ነበር፤ ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙ የነበሩት እጅግ ጥቂቶች ነበሩና።

ይህንን መጠን ለመገመቻ ያህል 5,000 ሰው ወዳለበት ሰፈር ብናመጣው 26 ሰዎች ይሆናሉ። የቡታጅራ ቁጥር የኛ ቁጥር አይደለም። ሆኖም 5,000 ሰው ባለበት ቦታ መዝገቡ «0» ካለ፣ «የቀሩት የት ተደበቁ?» ብሎ ለመጠየቅ ይበቃል።

ሌላም መለኪያ አለ። ይኸውም በአንድ ዓመት ውስጥ በሽታው አዲስ የጀመራቸውን ሰዎች መቁጠር ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በዚያው አካባቢ 61,686 ሰዎችን ለሦስት ዓመት ተኩል ተከታትለው 139 አዲስ ሕመምተኞች አገኙ። ይህም ከ100,000 ሰው በየዓመቱ 64 ማለት ነው።

የሁለቱን ልዩነት በውኃ በርሜል እንመስለው። በአንድ ሰዓት ላይ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውኃ የሥርጭት መጠኑ ነው። ከላይ የሚገባው አዲስ ሕመምተኛ ነው። ከታች የሚወጣው ደግሞ የዳነው ወይም የሞተው ነው። ስለሆነም የሥርጭት መጠን ከፍ ማለት ሁልጊዜ ክፉ ዜና አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ዕድሜያቸው ሲረዝም አዲስ የሚያዘው ሰው ቢቀንስም እንኳ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩት ቁጥር ሊጨምር ይችላል።

2. ቆጠራን የሚያበላሹ ስህተቶች

ሀ. ወደ ክሊኒክ የመጣውን ብቻ መቁጠር። የሚያፍር፣ ቤቱ የራቀ፣ ልጆቹን የሚተውለት ሰው የሌለው፣ ሕመሙን እንደ ሕመም የማያይ ሰው አይመጣም። ኦቦ ላይ የተሳሳትነው በዚህ ነው።

ለ. ቅርብና ወዳጅ የሆኑ ቤቶችን ብቻ መጠየቅ። ሁሉን ቤት መዞር ካልተቻለ ናሙና በዕጣ ይወሰዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የክትባት ሽፋንን ለመለካት ያስፋፋው ዘዴ 30 መንደሮችን በዕጣ መርጦ ከየመንደሩ 7 ሕፃናትን፣ በድምሩ 210 ሕፃናትን መመርመር ነበር። ዕጣ ሲወጣ ጠያቂው የሚወደውን ቤት አይመርጥም፣ የሚፈራውንም አይዘልም።

ሐ. ቤተሰቡ እንዲፈራ ማድረግ። ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ የመጣን ሁሉ የራሽን ካርድ የሚቀንስ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የመጣንበትን ምክንያት መናገር፣ ስም እንደማይገለጥ ማረጋገጥና ያልፈለገ ሰው አለመመለስ እንደሚችል መንገር ግዴታችን ነው።

መ. የሚቆጠረውን ነገር አስቀድሞ አለመወሰን። አንዱ ጠያቂ «እንቅልፍ አጣ» የሚለው አንድ ሌሊት የተቸገረውን፣ ሌላው ደግሞ ወር ሙሉ የተቸገረውን ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች አይደመሩም።

3. እንቅልፍ ይቆጠራል ወይ?

ይቆጠራል። በዓለም ላይ ከታወቁት መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ነው። 19 ጥያቄዎች አሉት፤ ስላለፈው አንድ ወር እንቅልፍ ይጠይቃል፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 21 ይደርሳል። ከ5 በላይ ያገኘ ሰው እንቅልፉ የተጓደለ ይባላል።

በዚህ መጠይቅ በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች 2,551 ተማሪዎች ተጠይቀው 1,424ቱ ወይም ከመቶ 55.8ቱ እንቅልፋቸው የተጓደለ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር የተማሪዎች ነው። «ከኢትዮጵያውያን ከግማሽ በላይ እንቅልፍ የላቸውም» ብሎ ማውራት ስህተት ነው። ቁጥር ሁልጊዜ የተጠየቁት ሰዎች ነው፤ ስለኛ ለማወቅ እኛው መጠየቅ አለብን።

4. የቤተሰብ የእንቅልፍ ደብተር

አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ካለ ኃላፊነቱ ለእሱ ይሰጥ። ለሰባት ቀን በየማለዳው ስለ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የሚከተለው ይጻፍ፤

1ኛ. ማታ በስንት ሰዓት ተኛ?
2ኛ. እንቅልፍ ቶሎ ወሰደው ወይስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ?
3ኛ. ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃ?
4ኛ. ምን ቀሰቀሰው? (ሳል፣ ማሳከክ፣ ሽንት፣ ሕመም፣ ቅዠት፣ ሕፃን፣ ድምፅ፣ ብርድ፣ ሐሳብ)
5ኛ. በስንት ሰዓት ተነሣ?
6ኛ. በማግስቱ ቀን አንቀላፋ ወይ? ተነጫነጨ ወይ?
7ኛ. በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ቡና፣ ሻይ፣ ጫት (እዚህ አገር ሚራ የሚሉት)፣ አረቄ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ወሰደ ወይ?

ስንጠይቅ ሦስት ነገሮችን እናስታውስ። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው መጠየቅ ነው። ሚስት በባል ፊት፣ ምራት በአማት ፊት ሁሉን አትናገርም። ሁለተኛው፣ አጠገብ የሚተኛውን መጠየቅ ነው። የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም እያለ በድንገት የሚመለስ ሰው ራሱን አይሰማም። ሦስተኛው፣ ሕፃናትን በሁኔታቸው ማየት ነው። እንቅልፍ ያነሰው ትልቅ ሰው ያንቀላፋል፤ ሕፃን ግን ብዙውን ጊዜ ይበጠብጣል፣ ያለቅሳል፣ ትምህርቱ አይገባውም። «ባለጌ» የተባለው ልጅ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ሊሆን ይችላል።

በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያስፈልገው የእንቅልፍ መጠን፣ የቀኑን ሽልብታ ጨምሮ፣ እንደሚከተለው ነው፤

ከ4 እስከ 12 ወር፦ ከ12 እስከ 16 ሰዓት
ከ1 እስከ 2 ዓመት፦ ከ11 እስከ 14 ሰዓት
ከ3 እስከ 5 ዓመት፦ ከ10 እስከ 13 ሰዓት
ከ6 እስከ 12 ዓመት፦ ከ9 እስከ 12 ሰዓት
ከ13 እስከ 18 ዓመት፦ ከ8 እስከ 10 ሰዓት
ትልቅ ሰው፦ 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ

በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን እንመልከት። ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ተቸግሮ ያደረና በዚሁ ምክንያት ቀን ሥራው የተጓደለበት ሰው ካለ ስሙ አጠገብ ምልክት እናድርግ። ችግሩ በዚህ ሁኔታ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ይባላል።

5. ምክንያቱን መፈለግ

እንቅልፍ ማጣት እንደ ትኩሳት ነው። ራሱን ችሎ የሚመጣበት ጊዜ ቢኖርም ብዙውን ጊዜ ከኋላው ሌላ ነገር አለ። የደብተሩ አራተኛ ጥያቄ መንገድ ያሳያል።

ማሳከክ ከሆነ፦ እከክ በተለይ ሌሊት ያሳክካል፤ በአንድ መኝታ ከሚተኙት ወደ አንዱ ከተሻገረ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት። አንዱን አክሞ ሌላውን መተው ከንቱ ድካም ነው። ትኋንና ቅማልም መታየት አለባቸው።

ሳል ከሆነ፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ይልቁንም የሌሊት ላብና የሰውነት መክሳት ካለበት፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሽንት ከሆነ፦ ሌሊት ደጋግሞ መሽናት ከብዙ ውኃ ጥም ጋር ከመጣ የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

ቅዠትና ሐሳብ ከሆነ፦ ጦርነትና ሞት ያየ ሰው ሌሊት ሲባንን ማበዱ አይደለም። ብዙ ሰው ጊዜ ሲያልፍና ከወገኑ ጋር ሲሆን ይሻለዋል። ወራት አልፈው ካልለቀቀው ግን እርዳታ አለና ለጤና ሠራተኛ ይንገር።

ልጅ መኝታው ላይ የሚሸና ከሆነ፦ አይመታ፣ በሰው ፊትም አይዋረድ። ከድንጋጤ በኋላ ይህ በብዙ ልጆች ላይ ይደርሳል። ቅጣት ያብሰዋል፤ ሌሊቱ ደረቅ ሆኖ ያደረበትን ቀን ማመስገን ይረዳል።

6. በቤት ሊደረግ የሚችል

ሸራ ቤት ውስጥ ስለ ጸጥታ ማውራት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም የሚቻል ነገር አለ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት ከሁሉ ይበልጣል፤ የሌሊቱ እንቅልፍ የሚስተካከለው ከማለዳው ነው። የቡና ኃይል ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ እንኳ ግማሹ በሰውነት ውስጥ ስለሚቀር የመጨረሻው ስኒ ከቀትር በፊት ቢሆን ይመረጣል። የቡናው ሥነ ሥርዓት እንዳይቀር እንወዳለን፤ ሰዓቱ ብቻ ወደ ጠዋት ይምጣ። ጫት እንቅልፍን ያባርራል። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ ግን ሌሊቱን ቆራርጦ ያነቃል። አጎበር ከወባም ከመነቃትም ያድናል። እንቅልፍ እምቢ ካለ መኝታ ላይ ከመገላበጥ ተነሥቶ በዝግታ ቁጭ ብሎ ቆይቶ እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ ይሻላል።

ሕመምተኛ ወይም ሕፃን የሚጠብቅ ቤተሰብ ተራ ይግባ። አንድ ሰው ብቻውን ወር ሙሉ ሊነቃ አይችልም። አባትም ተራ አለው።

የእንቅልፍ ኪኒን ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ አደገኛ ነው። እንደ ዲያዜፓም ያሉት ሱስ ያስይዛሉ፤ ከአረቄ ጋር ሲሆኑ ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከባድ ድንጋጤ በደረሰበት ሰው ላይ በመጀመሪያው ወር ለሚታይ እንቅልፍ ማጣት የዚህ ዓይነት መድኃኒት እንዳይሰጥ መክሯል።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ምልክቶች፦ ሌሊት መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆም፣ ደም ያለበት ሳል፣ ለብዙ ቀን ሳይተኙ ከልክ በላይ መናገርና መቅበጥበጥ፣ እንዲሁም «መኖር አልፈልግም» የሚል ንግግር።

7. የልጁ ነገር

የኦቦው ልጅ ተመርምሮ መድኃኒት ጀመረ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል በዋጋው ርካሽ ነው፤ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ቢቋረጥ በሽታው ብሶ ይመለሳል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሲጥለው ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም፤ አፉ ውስጥም ምንም ነገር አይከተት። እሳትና ድንጋይ ካለበት አርቆ፣ በጎኑ አስተኝቶ እስኪያልፍ አጠገቡ መቆየት ነው። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰድ። እንቅልፍ ማጣት ራሱ በሽታውን ስለሚቀሰቅስ ልጁም በቂ እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

እናቲቱ ልጇ ጸጥ ብሎ ማደር ከጀመረ በኋላም ለብዙ ቀን በልማድ እየነቃች ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር። አያቲቱ ተራ ገቡላት። በሌላ ጊዜ ስናልፍ «እንዴት አደሩ?» አልናት። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነሣሁት» አለችን። በመዝገባችን ላይም በዜሮው ቦታ 1 ተጽፏል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ቁጥሮቹ ለትምህርት የተፈጠሩ ናቸው።

1. በአንድ መንደር 20 ቤቶች በዕጣ ተመርጠው 110 ሰዎች ተጠየቁ። 22ቱ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ይቸገራሉ። የሥርጭት መጠኑ ከመቶ ስንት ነው?

2. ሌላው ጠያቂ ክሊኒክ ደጃፍ ቆሞ 50 ሕመምተኞችን ጠይቆ 25ቱ እንቅልፍ እንደሌላቸው ጻፈ። «የመንደሩ ግማሽ እንቅልፍ የለውም» ማለት ይችላል ወይ? ለምን?

3. የራስዎን ቤተሰብ ለሰባት ቀን መዝግበው ምልክት የተደረገባቸውን ለጠቅላላው የቤተሰብ አባላት ቁጥር ያካፍሉ።

መልስ፦ ለመጀመሪያው ከመቶ 20፣ ማለትም ከአምስት ሰው አንዱ። ለሁለተኛው አይችልም፤ የጠየቀው የታመሙትን እንጂ መንደሩን አይደለም። የሦስተኛው መልስ በእናንተ ደብተር ውስጥ ነው። ደብተሩን ወደ ጤና ወኪላችሁ ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እናየዋለን፤ ስማችሁም አይገለጥም።

ደኅና እደሩ።